ደብረ ታቦርና ትያትር፤ ስለ አነስተኛ የባለሙያ ቡድን

በትያትር ሙያ «ቡድን» ሲባል በበዓል ቀን ተሰብስቦ አንድ ጨዋታ አሳይቶ የሚበተን ስብስብ ማለት አይደለም። ኑሮውን በመድረክ ሥራ ላይ የመሠረተ፣ ተውኔት እየመረጠና እየተለማመደ መግቢያ አስከፍሎ የሚያሳይ ማኅበር ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ቡድን በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ በምን ዓይነት መንገድ ሊቆም እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ዘመናዊ ተውኔት በአገራችን የተጀመረው በ1910ሮቹ ዓ.ም. በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው። ከዚያ ወዲህ አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የዛሬው ብሔራዊ ትያትርም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ስለ ሆኑ ተዋናዩም ደራሲውም እንጀራውን ፍለጋ ወደዚያው አመራ። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው «ቴዎድሮስ» የተባለ ተውኔት ጻፉ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለዚሁ ንጉሥ ጻፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መናገሻ ያደረጉ፣ በጋፋት መድፍ ያሠሩ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዪቱን ያቃጠሉ ንጉሥ ናቸው። እንግዲህ ደብረ ታቦር ታሪኳን ለመድረክ ሰጠች፤ መድረኩ ግን የተተከለው በሌላ ስፍራ ነው። በቅርብ የሚገኘው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳር ላይ ነው።

ምክንያቱ የሕዝቡ ጣዕም ማነስ ነውን? አይደለም። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩት አቋቋም በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠርቶ በደብረ ታቦር ኢየሱስ እንደ ተስፋፋ ይነገራል። ማኅሌት አምልኮ እንጂ ጨዋታ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደ አንድ ሰው መንቀሳቀስን ያስተምራል። አዝማሪውም በአንድ መሰንቆ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር እውነተኛ ባለሙያ ነው፤ አድማጩም ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለመፈለግ የሠለጠነ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ አዝማሪ ፊት ለፊት ለተቀመጠው እንግዳ ይዘፍናል፤ ተዋናይ ግን ከተዋናይ ጋር ይነጋገራል፣ ተመልካቹም እንደ ጎረቤት ያዳምጣል። ስለዚህ ተመልካቹ ነገሩን የሚያውቀው ተውኔት ቢቀድም ይሻላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተጻፉት የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ጠለፋ፣ ሁለተኛው ስለ ዘርና ስለ ማዕርግ ልዩነት ነው፤ ሁለቱም ቤተ መንግሥትና ሠራዊት አይጠይቁም።

ዋናው ችግር የገንዘብ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ተውኔት በአንድ አዳራሽ ለብዙ ወራት ሊታይ ይችላል፤ ተመልካቹ ብዙ ነውና። በትንሽ ከተማ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊያይ የሚፈልግ ሁሉ አይቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወይ ተውኔቱን ወይ ከተማውን መለወጥ አለበት። አምስት ወይም ስድስት ተዋናዮች ሁለት ሦስት ተውኔት አጥንተው፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ቢዘዋወሩ አንዱ ሥራ ሌላውን ይደግፋል። በክረምት ደግሞ ተቀምጠው አዲስ ተውኔት ይለማመዳሉ። ተዋናዩ ልብስ ሰፊም ትኬት ሻጭም መሆኑ ግድ ነው፤ ሃያ ሰው ሆኖ መነሣት ግን በመጀመሪያው ዓመት መበተን ነው።

ትርፉ ግን ከገንዘብ ያልፋል። ቡድን ባለበት ከተማ የሚጽፍ ወጣት ጽሑፉ በተዋናይ አፍ ሲነገር ይሰማል፤ የቱ ላይ ሕዝቡ እንደ ሳቀ፣ የቱ ላይ እንደ ሰለቸ አይቶ ያርማል። ቡድን በሌለበት ግን ተውኔቱ በደብተር ውስጥ ይቀራል፤ ወይም ደራሲው ደብተሩን ይዞ አገሩን ይለቃል። የጋፋትን ታሪክ የጋፋት ልጆች በአገራቸው እንዲያዩት ከተፈለገ መጀመር ያለበት ከትልቅ አዳራሽ ሳይሆን አብረው ለመኖር ከተስማሙ ስድስት ሰዎች ነው።