ፈረንጅ በባንኮክ ከተማ

በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ የሚቀመጡትን የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች የአገሩ ሕዝብ «ፋራንግ» ይላቸዋል፤ ይህም ቃል ከእኛ «ፈረንጅ» ጋራ ምንጩ አንድ ነው። እንግዳው ቤት ተከራይቶ፤ ልጆቹን እያስተማረ ብዙ ዘመን ቢኖርም፤ ፈቃዱ ጊዜያዊ ከሆነ በየ90 ቀኑ መኖሪያውን ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት። መሬትንም በስሙ መግዛት እንደ ልብ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ከጎረቤት የሚያዋድደው ጠባዩ ነው። ከሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ከደጅ ያወልቃል፤ ራስ የተከበረ ነውና የሕፃን ራስ አይደባብስም፤ እግሩንም ወደ ሰው አይዘረጋም። ልጆቹ መዳፋቸውን ከደረታቸው ላይ ገጥመው እጅ መንሣትን ከባልንጀሮቻቸው ፈጥነው ይማራሉ፤ ለወላጆቻቸውም መምህር የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በሰው አገር ቤት የሚሠራ ሁሉ የደጃፉን ሥርዓት አስቀድሞ ቢያውቅ እንግድነቱ ይቀልለታል።