የሰንጢው ፍጥነት ከየት ይመጣል? ቤት ውስጥ የሚደረግ ማሻሻያና የሚያስከፍለው ዋጋ

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ክሪስታል ከተማና በዙሪያዋ፣ በመጋዘን ወይም በጭነት ሥራ ለሚተዳደር ሰው ሰንጢ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው። ካርቶን ይከፈትበታል፤ ገመድ ይቆረጥበታል፤ የፕላስቲክ መጠቅለያ ይሰነጠቅበታል። አንዱ እጅ ዕቃ ደግፎ ሳለ በሌላው እጅ ብቻ በቅጽበት የሚከፈት ሰንጢ ሥራን ያቀላል። በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በታች ሲወርድ፣ እጅም በወፍራም ጓንት ሲሸፈን፣ ይህ ፍላጎት ይበልጥ ይጠነክራል።

ብዙዎች ካቻቪቴ አንሥተው ሰንጢያቸውን ቤት ውስጥ ለማፍጠን የሚሞክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ብሎኑን ያላላሉ፤ ብረቱን ይሞርዳሉ፤ ስለቱ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስራሉ። ይሁን እንጂ በዘመናዊ ሰንጢ ውስጥ ፍጥነትን የሚሰጠው ክፍልና ስለቱን በኪስ ውስጥ ዘግቶ የሚይዘው ክፍል አንድና ያው ነው። ይህን ሳይረዱ የሚደረግ ማሻሻያ ጣትን ለአደጋ፣ ባለቤቱንም ለክስ ሊያጋልጥ ይችላል።

ከጤፍ ጥቂት የምትበልጥ ኳስ

በአንድ እጅ የሚከፈት አብዛኛው ሰንጢ በእጀታው ውስጥ ስስ የብረት ሰሌዳ አለው። በሰሌዳው ላይ ዲያሜትሯ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት የምትበልጥ የብረት ወይም የሴራሚክ ኳስ ተተክላለች። ሰንጢው ሲዘጋ ኳሷ በስለቱ ሥር ላይ በተበሳች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች። ሰሌዳው እንደ ሞላ ስለሚጫናት፣ ስለቱ በቂ ጉልበት ካላገኘ በቀር ከቦታው አይነቃነቅም።

የኳሷ ሥራ ግን መያዝ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው አውራ ጣቱንና መሃል ጣቱን አጣብቆ “ጧ” ሲያደርግ፣ ሁለቱ ጣቶች በሰበቃ ተያይዘው ጉልበት ያጠራቅማሉ፤ ሰበቃው ሲሸነፍ ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ይህ እንቅስቃሴ 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሚፈጅ አሳይተዋል፤ የዓይን ጥቅሻ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ጣቶቹ በቅባት ሲለሰልሱ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ጉልበት የሚጠራቀምበት መያዣ ጠፍቷል።

ሰንጢም የሚከፈተው በዚሁ ሥርዓት ነው። ጣት የስለቱን ጉጥ ሲገፋ ኳሷ ለቅጽበት ትከለክለዋለች፤ ጉልበቱ ይጠራቀማል፤ ኳሷ ከጉድጓዷ ስትወጣ ስለቱ ተወርውሮ ይከፈታል። ስለዚህ መያዣውን ማላላት ሰንጢውን ያፈጥነዋል የሚለው የተለመደ ግምት ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ውጤት አለው። መያዣው የላላ ሰንጢ ጉልበት ሳይጠራቀም ስለሚለቀቅ አጋማሽ ላይ ደርሶ ይቆማል። ከዚህም በላይ በኪስ ውስጥ በራሱ ሊገለጥ ይችላል።

በፋብሪካ የተጀመረው ሩጫ

ዘመናዊው በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 በስለቱ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ክብ ቀዳዳ ያለው ሰንጢ አቀረበ። በዚያው አሥር ዓመት መጀመሪያ ማይክል ዎከር የተባለ ባለሙያ፣ በእጀታው ውስጥ ያለው ስስ ብረት ራሱ መቆለፊያ የሚሆንበትን ንድፍ አዳበረ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኧርነስት ኤመርሰን በስለቱ ጀርባ ላይ ትንሽ መንጠቆ አበጀ፤ መንጠቆው የኪስን ጠርዝ ሲይዝ ሰንጢው ከኪስ እየወጣ ሳለ ይከፈታል።

በስለቱ ላይ የሚታሰረው የፕላስቲክ ማሰሪያ የዚህ መንጠቆ የቤት ውስጥ ቅጂ ነው። ማሰሪያው በቀዳዳው አልፎ ይጠበቃል፤ ጉጡ ወደ ውጭ ይተዋል። ወጪው ኢምንት ነው፤ ሰንጢውንም አያበላሽም። ሆኖም ማሰሪያው የሚሠራበት ናይለን በደረቅ ብርድ ይሰባበራል፤ የሚኒሶታ ክረምት ደግሞ ደረቅም ብርዳምም ነው። ሳይሰበር ቢሠራ እንኳ፣ ስለቱ የሚገለጠው ከጭንና ከእጅ አጠገብ፣ ዓይን በማያይበት ቦታ ነው።

ብሎን፣ ዘይትና ሞረድ

ሌላው የተለመደ ዘዴ ስለቱ የሚዞርበትን ብሎን ማላላት ነው። በስለቱ ግራና ቀኝ የነሐስ ሮንዴላ ወይም ትንንሽ ኩሽኔታ ይገኛል፤ ብሎኑ ሲላላ በዚያ ያለው ሰበቃ በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን ስለቱ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል፤ ኳሷም ከጉድጓዷ ጋር በትክክል አትገናኝም፤ መቆለፊያውም የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል።

ዘይትም ቦታ አለው። መቆለፊያው በተከፈተው ስለት ሥር እንደ ሽብልቅ ይገባል፤ የሚገናኙበት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ያህል የዘመመ ነው። ሽብልቅ እንዳይንሸራተት በብረትና በብረት መካከል ያለው የሰበቃ መጠን ከዝመቱ ታንጀንት መብለጥ አለበት። የ8 ዲግሪ ታንጀንት 0.14 ገደማ ነው። ደረቅ ብረት ይህን ሲያሟላ፣ ዘይት የተቀባ ብረት ግን ከዚህ ቁጥር አጠገብ ወይም በታች ሊወርድ ይችላል። ማዞሪያውን ለማፍጠን የፈሰሰ ዘይት መቆለፊያው ገጽ ላይ ከደረሰ፣ ስለቱ ሥራ ላይ ሳለ በጣት ላይ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

ስለቱን በኤሌክትሪክ መሞረጃ መሞረድ ደግሞ ሙቀት ያመጣል። የካርበን ብረት ሲሞቅ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የገለባ ቀለም፣ 300 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ያሳያል። ሰማያዊው ቀለም ከታየ፣ ፋብሪካው በእሳትና በማቀዝቀዝ የሰጠው ጥንካሬ በዚያ ቦታ ቀንሷል፤ ብረቱ ቢቀዘቅዝም ጥንካሬው አይመለስም።

ጅማት እንደ ገመድ ነው

ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት የሚታጠፈው በሁለት ጅማቶች ነው። ሰንጢ በድንገት ሲዘጋ የሚቆርጠው እነዚህ ጅማቶች በሚያልፉበት የጣት ውስጠኛ ክፍል ነው። የተቆረጠ ጅማት እንደተበጠሰ የተወጠረ ገመድ ወደ መዳፍ ሊሸሽ ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምናው በቀናት ውስጥ መደረግ አለበት፤ እጁ ወደ ሙሉ ሥራ ለመመለስም 3 ወር ያህል ይወስዳል። በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ይህ ጊዜ የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው።

ሕጉም እዚያው ነጥብ ላይ ይቆማል

እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ በእጀታ ላይ ባለ ቁልፍ፣ በመሬት ስበት ወይም በውርወራ ኃይል በራሳቸው የሚከፈቱ ሰንጢዎች ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገዱ ከለከለ። በ2009 ሕጉ ሲሻሻል ግን አንድ ልዩነት ገባ፦ ስለቱን ወደ መዘጋት የሚስብ ሞላ ወይም መያዣ ያለው፣ ለመክፈትም ያንን ስበት በእጅ ማሸነፍ የሚጠይቅ ሰንጢ ከክልከላው ውጭ ሆነ። በሌላ አነጋገር የሕጉ ድንበር የተሰመረው በዚያችው ትንሽ ኳስ ላይ ነው። ኳሷን ያጠፋ ሰው ሰንጢውን ከዚህ ልዩነት ጥላ ሥር ያወጣዋል።

የሚኒሶታ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 609.66 በራሱ የሚከፈት ሰንጢን መያዝ ብቻ ሳይሆን መሥራትንና ለሌላ ማስተላለፍንም ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 90 ቀን እስራት ወይም እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ በትምህርት ቤትና በመናፈሻ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። “መሥራት” የሚለው ቃል፣ ቤቱ ተቀምጦ ለራሱ ሰንጢ ከፋች ሞላ የሚገጥመውንም ሰው ይመለከታል። ዜግነት ለሚጠብቅ ስደተኛ ጉዳዩ በመቀጮ አያበቃም፤ የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን-400 አመልካቹ ከዚህ ቀደም ተይዞ ወይም ተከሶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ሕጎች ስለሚሻሻሉም የወቅቱን ጽሑፍ ማየት ይገባል።

ያለ ሞረድ የሚገኝ ፍጥነት

የብዙ ሰንጢ መዘግየት ከንድፉ ሳይሆን ከቆሻሻ ይመጣል። በማዞሪያው ውስጥ የኪስ ብናኝ፣ የካርቶን አቧራና የደረቀ ዘይት ይከማቻል። ማጽዳትና አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት በማዞሪያው ላይ ብቻ ማድረግ አዲስ የነበረበትን ፍጥነት ይመልሳል። በብርድ ወራት ወፍራም ዘይት ስለሚረጋ ቀጭኑ ይመረጣል። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ሰንጢ ላይ ጤዛ ስለሚያዝ፣ መወልወሉ ከዝገት ያድነዋል። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ለሚከፍት ሠራተኛ ደግሞ፣ ሲለቁት ስለቱ ወደ እጀታው የሚመለስ ካተር ከተፈጠነ ሰንጢ የተሻለ ምርጫ ነው።

ማዞሪያው የተነካ ሰንጢ ወደ ኪስ ከመመለሱ በፊት አንድ ፍተሻ ይበቃዋል። ሰንጢውን ዘግቶ፣ ስለቱ የሚወጣበትን ጎን ወደ መሬት አድርጎ፣ እጀታውን ብቻ ይዞ ጠበቅ ባለ እጅ ከጠረጴዛ በላይ ማራገፍ ነው። ስለቱ በጥቂቱም ቢሆን ብቅ ካለ፣ ብሎኑ ከመጠን በላይ ላልቷል ወይም መያዣው ደክሟል፤ ሰንጢው እስኪስተካከል ድረስ ኪስ ውስጥ መግባት የለበትም።