ልጅዎ ስለ ገንዘብ ከማን ይማር?

ከባንክ ወይም ከታክስ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ በቤትዎ የሚያነበው ማነው? በብዙዎቻችን ቤት ሃይስኩል ያለው ልጅ ነው። «አባዬ፣ እስከ አፕሪል 15 ክፈሉ ይላል» ይልና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ቃሉን ተረጎመ እንጂ ነገሩን ያስረዳው ሰው የለም።

አንዳንድ ስቴቶች ይህን ለትምህርት ቤት ሰጥተውታል። በቨርጂኒያ በ2011 ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ የኢኮኖሚክስና የግል ገንዘብ አያያዝ ኮርስ ያልወሰደ ዲፕሎማ አያገኝም። ካሊፎርኒያም በ2024 ባወጣችው ሕግ ከ2031 ተመራቂዎች ጀምሮ ይህንኑ ትጠይቃለች። መልካም ነው። ነገር ግን መምህሩ የእርስዎን ሱቅ አያውቀውም፤ ዕቁብ የሚባል ነገርም አልሰማ ይሆናል።

ልጅዎ ካሽ ሬጅስተሩን ሲያይ የሚታየው ብር ሁሉ የቤታችሁ ይመስለዋል። እስቲ አንድ ማታ ሱቅ ሲዘጉ አጠገብዎ ያስቀምጡት። ዛሬ 600 ዶላር ሸጠናል እንበል። ከዚህ ውስጥ የዕቃው መግዣ ስንት ነው? ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ኢንሹራንሱ በቀን ሲካፈል ስንት ይወጣል? ሴልስ ታክሱስ? እሱ ገና ከመጀመሪያው የእኛ አይደለም። የቀረውን ልጁ ራሱ ይጻፈው። ታክሲ የሚነዱም ከሆነ እንደዚያው ነው፤ ቤንዚንና ጥገና ሳይቀነስ የተቆጠረ ገቢ ልጅን ብቻ ሳይሆን ትልቅ ሰውንም ያታልላል።

ቀጥሎ ስለ ክሬዲት ካርድ ያውሩት። ከ2009ኙ ሕግ ወዲህ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው የራሱ ገቢ ወይም ተባባሪ ፈራሚ ከሌለው ካርድ አይሰጠውም። ኮሌጅ ገብቶ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲያገኝ ግን በሩ ይከፈትለታል። በዓመት 24 በመቶ ወለድ ባለው ካርድ የ1,000 ዶላር ዕዳ ገብቶ በየወሩ 25 ዶላር ብቻ ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ወር 20ው ለወለድ ይሄዳል፤ ከዕዳው የሚቀነሰው 5 ዶላር ነው። ዕዳው የሚያልቀው ሰባት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፤ በጠቅላላው ከ2,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። ይህን በወረቀት ላይ አብራችሁ ብትሠሩት ከአሥር ምክር ይበልጣል።

ዕቁባችንም ቢሆን፣ ሃያ ዓመት ሳያዛንፉ ቢጥሉ ለክሬዲት ሪፖርት የሚያስተላልፍልዎ የለም። ልጁ ይህን ልዩነት ይወቅ። በደንብ በሚከፍሉት ካርድዎ ላይ ተጠቃሚ አድርገው ስሙን ቢያስገቡት፣ ባንኩ ሪፖርት የሚያደርግ ከሆነ፣ የክሬዲት ታሪኩ ከወዲሁ ይጀምርለታል። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ስልክ ወይም ካርድ በስሙ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። «የእኔ ክሬዲት ስለተበላሸ ለጊዜው» እየተባለ ሲደረግ እንሰማለን። በዚህች አገር ይህ የማንነት ስርቆት ነው፤ ልጁም ዕዳውን የሚያገኘው ኮሌጅ ሊገባ ሲል ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያግዝዎት ከሆነስ? ለሠራው ሥራ ተገቢውን ደመወዝ በቼክ ይክፈሉት፤ ሰዓቱም ይመዝገብ። ሱቁ ሶል ፕሮፕራይተርሺፕ ከሆነ፣ ልጅዎ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከደመወዙ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አይቆረጥም፤ እርስዎም ደመወዙን በንግድ ወጪነት ያስመዘግባሉ። ኮርፖሬሽን ካቋቋሙ ግን ይህ አይሠራም። ደመወዝ ያለው ልጅ ሮት አይ አር ኤ የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ በወላጅ ጠባቂነት መክፈት ይችላል፤ የ2025 ጣሪያው 7,000 ዶላር ነው፤ ልጁ ከሠራው በላይ ግን አይገባም። ከመጀመርዎ በፊት የታክስ ሠራተኛዎን ያማክሩ፤ ስታማክሩም ልጁን ይዘውት ይሂዱ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አስተርጓሚ ሳይሆን ጠያቂ ሆኖ ይቀመጥ።