የድምፅ ማጉያ ጉምጉምታ ከየት ይመጣል?

በቀበና የሚገኝ የአንድ ዕድር አባላት ገንዘብ አዋጥተው ለአዳራሻቸው ማጉያ፣ ሚክሰር፣ ሁለት ሞንታርቦና ማይክሮፎን ገዙ። በምርቃቱ ዕለት ሙዚቃ ከላፕቶፕ ሊሰማ ሲል ግን «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ቀድሞ አዳራሹን ሞላው። ዕቃዎቹን የገጠመው ሰው የማጉያውንና የሚክሰሩን ስፒናዎች ፈትቶ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን የመሬት ሽቦ ቆረጠ። ጉምጉምታው ወዲያው ጠፋ፤ ተጨበጨበለትም። ከሳምንታት በኋላ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ዕቃዎቹ ያለ ላፕቶፑ ወደ ሐዘን ድንኳን ተወሰዱ። የዕድሩ ሰብሳቢ ማይክሮፎኑን እንደጨበጡ ነዘራቸው። እኛም ወደ ጉዳዩ የገባነው ከዚህ በኋላ ነበር።

እንደሚታወቀው በአገራችን ወደየቤቱ የሚሠራጨው ኮረንቲ 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ድግግሞሽ በፒያኖ ግራ ጫፍ አካባቢ ለሚገኘው «ሶል» (49 ኸርትዝ ገደማ) በጣም ይቀርባል። በሰሜን አሜሪካ ግን ድግግሞሹ 60 ኸርትዝ ነው። ስለዚህ ጆሮው የሠለጠነ ሙዚቀኛ ማጉያው በየትኛው አገር ኮረንቲ እንደሚሠራ ከጉምጉምታው ብቻ ሊገምት ይችላል።

ይህ ኮረንቲ ወደ ድምፁ መንገድ የሚገባው እንዴት ነው? ላፕቶፑ ከአዳራሹ በስተኋላ ካለው ሶኬት፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከመድረኩ አጠገብ ካለው ሶኬት ተሰክተዋል። ሁለቱም በየስፒናቸው ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኛሉ። በመካከላቸው የተዘረጋው የድምፅ ኬብል በዙሪያው የመዳብ መረብ ስላለው፣ ይህ መረብ ከግድግዳው የመሬት ሽቦ ጋር ሆኖ አንድ ሰፊ ቀለበት ይዘጋል። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው በቀለበት ውስጥ የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ በቀለበቱ ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል።

መጠኑን እናስላ። ፌዝና ኒውትራል ጎን ለጎን ከተዘረጉ አንዱ የሌላውን መስክ ያጠፋል ማለት ይቻላል። ተራርቀው ከተዘረጉ ግን 10 አምፔር የሚያልፍበት ሽቦ በ2 ሜትር ርቀት ላይ 1 ማይክሮቴስላ ያህል መስክ ይፈጥራል። የቀለበቱ ስፋት 10 ካሬ ሜትር ቢሆንና አማካዩ መስክ ይህን ያህል ቢሆን፣ 2π × 50 × 0.000001 × 10 ወደ 3 ሚሊቮልት ይሆናል። ከላፕቶፑ የሚወጣው ድምፅ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ነው። ከቮልቴጁ በኬብሉ መረብ ላይ የሚያርፈው ከፊሉ ብቻ ቢሆንም፣ ሙዚቃው ጋብ ባለ ቁጥር ጎልቶ ይሰማል።

የመሬቱ ሽቦ ሲቆረጥ ቀለበቱ ስለሚበጠስ ጉምጉምታው ይጠፋል። ሰውየው በዚህ አልተሳሳተም። ያላስተዋለው ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማጉያውንና ሚክሰሩን ከመሬት ጋር ያገናኛቸው የነበረው የላፕቶፑ ቀጭን ኬብል ብቻ መሆኑን ነው። ላፕቶፑ ሲቀር እርሱም ቀረ፤ ከማጉያው የሚሾልከው ኮረንቲም በሰብሳቢው እጅ በኩል ወደ ርጥቡ መሬት ወረደ። የሾለከው ጥቂት በመሆኑ መንዘር ብቻ ሆነ። የአንድ ሽቦ መሸፈኛ ተልጦ ፌዙ ሣጥኑን ነክቶ ቢሆን ኖሮ ግን፣ የርጥብ ሰውነትን ተቃውሞ 2000 ኦም ብንወስድ 220 ቮልት 110 ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ጥቂት አሥር ሚሊአምፔር እንኳ የልብን ምት ሊያውክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስሊ ሃርቪ የተባለ የስኮትላንድ ጊታር ተጫዋች በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

በመጀመሪያ የተቆረጡትን ሽቦዎች መለስናቸው፤ ጉምጉምታውም አብሮ ተመለሰ። ቀጥለን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለን በባትሪ ብቻ ስናሠራው ድምፁ ጠፋ። ይህ ቀላል ሙከራ ጥፋቱ የቀለበቱ መሆኑን አረጋገጠልን። (መብራት ሲጠፋ ይህ ሙከራ በራሱ ይከናወን ነበር፤ ያኔ ግን ማጉያውም አብሮ ይጠፋል!) ከዚያም ላፕቶፑን ወደ ሚክሰሩ አቅርበን ሁሉንም ዕቃዎች የመሬት መስመር ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካን። አሥር ሜትሩ ኬብል በአንድ ሜትር ተተካ፤ ቀለበቱም ጠበበ። ይህን የሚያደርግ የዕቃዎቹ ጠቅላላ ፍጆታ ከዲቫይደሩ አቅም አለመብለጡን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ላፕቶፑን ማቅረብ ባይቻል ኖሮ በድምፁ መስመር ላይ አንድ ለአንድ የተጠመጠመ አነስተኛ ትራንስፎርመር እናስገባ ነበር፤ ድምፁን በመግነጢስ ያሻግራል፣ ሁለቱን የመሬት መስመሮች ግን አያገናኝም። የድምፅ ኬብል የኮረንቲ ገመድን ማቋረጥ ካለበትም በመስቀልኛ ቢያልፍ ይመረጣል።

ሁለት ነገሮች ቀርተው ነበር። አንደኛው ማጉያው ሙሉ በሙሉ ሲቀነስም የሚሰማ ሻከር ያለ የ100 ኸርትዝ ድምፅ ነው። ተመላላሹን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ክፍል ሁለቱንም ግማሽ ሞገዶች ስለሚጠቀም ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ኬብል መቀያየር አይረዳም፤ ያረጀውን ካፓሲተር ማስለወጥ ያስፈልጋል። ሌላው ስልክ ሊጠራ ሲል የሚሰማው «ድርድርድር» ነው። በ1991 ዓ.ም. አገራችን የገባው የጂ.ኤስ.ኤም. ሥርዓት ስልኩ ኃይሉን በሴኮንድ 217 ጊዜ በትንንሽ ቁርጥራጭ እንዲለቅ ያደርገዋል፤ የሚክሰሩ መግቢያ ሞገዱን ባይሰማም የቁርጥራጮቹን ምት ይሰማል። ለዚህ መፍትሔው ስልክን ከሚክሰሩ ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ነበር፤ ሰብሳቢውም ከዚያ ወዲህ ንግግር ከመጀመራቸው በፊት ስልካቸውን ለጎረቤት ያስይዛሉ።