ዳኛ እንዴት ይሠለጥናል?

የሶዶው ወላይታ ድቻ ሲጫወት ዓይናችን ኳሱ ላይ ነው። ፊሽካ ሲነፋብን ግን «ዳኛው አዳላ!» ብለን እንጮኻለን። ለመሆኑ ያ ሰው ፊሽካውን እንዴት ጨበጠ?

በመጀመሪያ ያነባል። የእግር ኳስ ሕጎች 17 ናቸው። ሠልጣኙ 17ቱን አጥንቶ በጽሑፍ ይፈተናል። ማንበብ የማይችል ሰው ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ ይሮጣል። በዓለም አቀፉ የወንዶች ፈተና 40 ሜትር 6 ጊዜ በፍጥነት ይሮጣል። ከዚያ 75 ሜትር ሮጦ 25 ሜትር በእርምጃ ይሄዳል። ይህንንም 40 ጊዜ ይደጋግማል። እስቲ እንደምረው፤ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሩጫው ያቃተው ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ሜዳ ላይ ነው። ጀማሪው ትንንሽ ጨዋታዎችን ያጫውታል። ነባር ዳኛ ከዳር ሆኖ ያየዋል፤ ሲያበቃም ጉድለቱን ይነግረዋል።

የጅማዋ ልጅ ሊድያ ታፈሰ እንዲህ ባለው ሥልጠና አልፋ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኝነት ተመርጣለች።

አንድ የተሳሳተ ፊሽካ የክለብን የዓመት ልፋት ሊያበላሽ ይችላል። ዳኛ የሚሠለጥነውም ለዚህ ነው። እኛም ከመጮኻችን በፊት ሕጉ ምን ይላል ብለን እንጠይቅ። ሕጉ ተጽፏል፤ ማንበብ ደግሞ ችለናል።