የመኪና ቴፕ መቀየር

የመኪና ቴፕ መቀየር ማለት ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የመጣውን ራዲዮና ማጫወቻ አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ ወይም ሳይነቅሉ አቅሙን ማሻሻል ነው። «ቴፕ» የሚለው ስም ከካሴት ዘመን የቀረ ሲሆን ዛሬ ካሴት የማይቀበሉትን፣ በዩኤስቢና በብሉቱዝ የሚሠሩትንም መሣሪያዎች ይጨምራል። በድሮ መኪና ላይ የሚሰማውን ድምፅ የሚወስነው በዕቃው ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም። መኪናው የሚሰጠው ቮልቴጅ፣ የሽቦው ውፍረት፣ የማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚደረገው የኤሌክትሪክ ግንኙነት) ጥራትና የስፒከሮቹ ሁኔታ የበለጠ ድርሻ አላቸው። ግንኙነቱ ከተሳሳተ ቴፑ ሊቃጠል፣ ባትሪው በአንድ ሌሊት ሊያልቅ፣ አልፎ ተርፎም መኪናው ሊቃጠል ይችላል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ጋልቪን ማኑፋክቸሪንግ የተባለው ኩባንያ «ሞቶሮላ» የሚል ስም የሰጠውን የመኪና ራዲዮ ለገበያ አቀረበ። ስሙ በኋላ የኩባንያው መጠሪያ ሆነ። በአውሮፓ የጀርመኑ ብላውፑንክት በ1932 የመኪና ራዲዮ ሠራ፤ በ1952 ደግሞ ኤፍ ኤም የሚቀበል የመኪና ራዲዮ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ራዲዮኖች በቫልቭ የሚሠሩ፣ ከባድና ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበሉ ነበሩ። ትራንዚስተር ቫልቭን ሲተካ ራዲዮው አነሰ፣ ዋጋውም ቀነሰ። ፊሊፕስ በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ወደ መኪና ገባ፤ በ1984 ደግሞ የመኪና ሲዲ ማጫወቻ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዩኤስቢ፣ ብሉቱዝና የንክኪ ስክሪን ተከተሉ። መኪና ከውስጡ ካለው ቴፕ የበለጠ ዕድሜ ስለሚኖረው፣ ሞተሩ ገና ደህና የሆነ መኪና ቴፑ ዘመን አልፎበት መገኘቱ የተለመደ ነው።

በቅድሚያ የሚታዩ ነገሮች

ዛሬ የሚሸጡት ቴፖች ለ12 ቮልትና ኔጌቲቩ ከመኪናው አካል ጋር ለተያያዘ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ መኪኖች እንዲህ ናቸው፤ በጣም የቆዩት ግን ሊለዩ ይችላሉ። በ1950ዎቹ የተሠሩ ቮልስዋገኖች የሚሠሩት በ6 ቮልት ነበር። ብዙ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ከአካሉ ጋር የሚያያዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ላይ ዘመናዊ ቴፕ በቀጥታ ቢገጠም ወይ አይሠራም፣ ወይ ይቃጠላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ቮልቴጅ በቴስተር መለካትና የትኛው ጫፍ ከአካሉ ጋር እንደተያያዘ ማየት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የቀዳዳው መጠን ነው። ከጀርመን የመጣው «ዲን» የተባለ ደረጃ የቴፕ ቀዳዳን በ180 በ50 ሚሊ ሜትር ወስኗል። ድርብ ዲን የሚባለው ቁመቱ እጥፍ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ የቶዮታ መኪኖች ግን ወርዱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ አላቸው፤ በእነዚህ ላይ መደበኛ ድርብ ዲን ሲገጠም ግራና ቀኝ የሚቀረው ክፍተት በፕላስቲክ ማሟያ ይሸፈናል። ከደረጃው በፊት የተሠሩ መኪኖች ሁለት ክብ ቁልፎችና መሀል ላይ ትንሽ መስኮት ያለው ራዲዮ ስለነበራቸው፣ አዲስ ቴፕ ለማስገባት ዳሽቦርዱን መቁረጥ ሊጠይቅ ይችላል። አንዴ የተቆረጠ ዳሽቦርድ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ የቆየ መኪና ዋጋም በዚህ ይቀንሳል።

የሽቦ ግንኙነት

ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጌቲቭ በመፍታት ነው። አንዳንድ የፋብሪካ ራዲዮኖች ኤሌክትሪክ ከተቋረጠባቸው የሚስጥር ቁጥር ስለሚጠይቁ ቁጥሩ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ኤርባግ ባለው መኪና፣ በቢጫ ሶኬትና መሸፈኛ የሚታወቀው የኤርባግ መስመር አይነካም፣ በመብራትም አይፈተንም።

አብዛኞቹ ለብቻቸው የሚሸጡ ቴፖች የሚከተሉትን የሽቦ ቀለሞች ይጠቀማሉ፦

* ቢጫ፦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት መስመር፤ ሰዓቱንና የተመረጡ ጣቢያዎችን ያስታውሳል፣ ዋናውን ኃይልም ይሰጣል
* ቀይ፦ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ መስመር
* ጥቁር፦ ማሳ
* ሰማያዊ፦ ለአንቴና ሞተር
* ሰማያዊ ከነጭ መስመር ጋር፦ አምፕሊፋየርን ለማስነሳት
* ነጭ እና ግራጫ፦ የፊት ግራና የፊት ቀኝ ስፒከር
* አረንጓዴ እና ሐምራዊ፦ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ስፒከር

ከስፒከር ሽቦዎች ጥቁር መስመር ያለበት ኔጌቲቩ ነው። እነዚህ ቀለሞች የቴፑ እንጂ የመኪናው አይደሉም። እያንዳንዱ የመኪና አምራች የራሱን ቀለም ስለሚጠቀም፣ ቢጫን ከቢጫ ጋር በማየት ብቻ ማያያዝ አደገኛ ነው። የተሻለው መንገድ ለመኪናው ዓይነት የተዘጋጀ አገናኝ ሶኬት መጠቀም ነው። እንዲህ ሲደረግ የፋብሪካው ሶኬት ሳይቆረጥ ይቀራል፣ የድሮውን ቴፕ መመለስም ይቻላል። ሶኬቱ ካልተገኘ እያንዳንዱ ሽቦ በቴስተር ተለክቶ ይለያል፤ መገናኛውም በሊድ ተበይዶ ወይም በትክክለኛ መቆንጠጫ ተይዞ ይሸፈናል። ተጠማዞ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ በሙቀትና በንቅናቄ ይላላል።

በተግባር ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ቀዩንና ቢጫውን አንድ ላይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት መስመር ጋር ማያያዝ ነው፤ ቴፑ በቁልፍ ስለማይጠፋ ባትሪውን ይጨርሳል። ሁለተኛው ሁለቱን ማቀያየር ነው፤ መኪናው በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ጣቢያዎቹ ይሰረዛሉ። ሦስተኛውና ከባዱ የስፒከሮቹን ኔጌቲቭ ከማሳ ጋር ማያያዝ ነው። በአንዳንድ የድሮ መኪኖች ስፒከሮቹ በጋራ ማሳ ይሠሩ ነበር። የዘመናዊ ቴፕ ስፒከር መስመሮች ግን ሁለቱም ኃይል የሚያወጡ በመሆናቸው አንደኛው ማሳ ከነካ የቴፑ ማጉያ ይቃጠላል። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ለስፒከሮቹ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ግድ ነው።

የዋት ቁጥር ትርጉም

በካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ ወደ 14.4 ሊደርስ ይችላል፤ የመኪና ስፒከር ደግሞ በአብዛኛው 4 ኦም ነው። 14.4 በራሱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 52 ያህል ይሆናል። ይህ ግን ማጉያው እስከ ጫፉ ተገፍቶ፣ ሙዚቃው ተቆራርጦ የሚወጣው ኃይል ነው። ንጹሕ ድምፅ ሲሆን ከፍተኛው የሒሳብ ገደብ ግማሹ፣ 26 ዋት ገደማ ነው፤ በማጉያው ውስጥ ከሚባክነው በኋላ በተግባር 20 ዋት አካባቢ ይቀራል። በቴፑ ጀርባ ያለው ፊውዝም ይህንኑ ይመሰክራል፦ 10 አምፔር በ14.4 ቮልት ሲባዛ 144 ዋት ነው፤ ያለማቋረጥ 200 ዋት ሊያሳልፍ አይችልም።

ስፒከር

በድሮ መኪና ላይ ትልቁ ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከስፒከር ነው። የፋብሪካው ስፒከር ወረቀት በፀሐይና በእርጥበት ይደርቃል፤ ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ይፈረፈራል። የድምፅ ኃይል ከ20 ወደ 40 ዋት ቢያድግ የድምፁ መጠን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስሜታዊነቱ በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር መምረጥም ያንኑ ውጤት ያለ ተጨማሪ ኃይል ይሰጣል።

ሁሉም ስፒከሮች ፖዘቲቭና ኔጌቲቫቸው በአንድ አቅጣጫ መያያዝ አለበት። አንዱ ከተገለበጠ ሌላው ሲገፋ እሱ ይስባል፤ የባስ ድምፅም ይጠፋል። ይህን ለመፈተሽ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል፦ የባትሪው ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይገፋል። በበሩ ውስጥ ያሉ ቀዳዳዎችን መድፈንም ባስን ያሻሽላል፤ ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ከፊት ከሚወጣው ጋር ተገናኝቶ እንዳይጠፋፋ ያደርጋልና። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን ማያያዝ ግን ጭነቱን ወደ 2 ኦም ስለሚያወርደው ቴፑን ሊጎዳ ይችላል።

የጃፓን ራዲዮ በኢትዮጵያ

ከጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የወጣ ያገለገለ መኪና በኢትዮጵያ ሲነዳ ራዲዮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ አብዛኞቹን ጣቢያዎች ላይዝ ይችላል። ምክንያቱ ብልሽት አይደለም። በጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ከ90 በላይ ያለው ለቴሌቪዥን ተይዞ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ከእንዲህ ዓይነቱ ራዲዮ ክልል ውጭ ናቸው።

ርካሹ መፍትሔ በአንቴናውና በራዲዮው መካከል የሚገባ ሞገድ ቀያሪ ነው። 20 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ቀያሪ 97.1ን በ77.1፣ 102.1ን በ82.1 ላይ እንዲሰማ ያደርጋል። ጉድለቱ በስክሪኑ የሚታየው ቁጥር ከጣቢያው ስም ጋር አለመግጠሙና ከ90 እስከ 96 ያሉት ጣቢያዎች ሳይያዙ መቅረታቸው ነው። ሙሉ መፍትሔ የሚሆነው የአገሩን ክልል የሚቀበል ቴፕ መግጠም ነው።

አምፕሊፋየር እና ፊውዝ

ከቴፑ አቅም በላይ ድምፅ ሲፈለግ ራሱን የቻለ አምፕሊፋየር ይጨመራል። 500 ዋት የሚወስድ አምፕሊፋየር ከ12 ቮልት ባትሪ ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፤ የቴፑ የፋብሪካ ሽቦ ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ይዘረጋል፤ ፊውዙም በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ ይደረጋል። ፊውዝ በዋነኝነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። አምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ ከተደረገ በመካከል ያለው ረጅም ሽቦ ጥበቃ የለውም፤ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፣ ሽቦውም ግሎ እሳት ያስነሳል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ትልቅ ፊውዝ ወይም ሽቦ መተካትም ያንኑ አደጋ ያመጣል።

ሞተር ሲነዳ አብሮ የሚጮህ ቀጭን ድምፅ ከስፒከር ከተሰማ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው የዲናሞው ሞገድ ደካማ በሆነ ወይም በተለያዩ ቦታዎች በታሰረ ማሳ በኩል መግባቱ ነው። ቀለሙ ተፍቆ በንጹሕ ብረት ላይ የታሰረ አጭር ማሳ፣ ከኃይል ሽቦው ርቆ ከሚሄድ የድምፅ ገመድ ጋር ችግሩን በአብዛኛው ያስወግዳል።

የፋብሪካውን ቴፕ ሳይነቅሉ ማሻሻል

የመኪናውን የቀድሞ መልክ መጠበቅ የሚፈልጉ ባለቤቶች ቴፑን ሳይነቅሉ የሚጠቀሙባቸው መንገዶች አሉ። ካሴት ማጫወቻው የሚሠራ ከሆነ፣ ገመድ ያለው የካሴት ቅርጽ ማገናኛ የስልክን ድምፅ ያስተላልፋል። በሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት የሚሰካ ትንሽ ኤፍ ኤም አስተላላፊም አለ፤ በጃፓን ራዲዮ ላይ ግን ከ87.5 እስከ 90 ባለው ጠባብ ክልል ካልተስተካከለ አይሰማም። ሌላው መንገድ አዲሱን ቴፕ በመሳቢያ ውስጥ ወይም በወንበር ሥር ደብቆ መግጠም ነው። በዚህ ጊዜ ዳሽቦርዱ አይቆረጥም፤ የድሮው ራዲዮም በቦታው ይቆያል።