ኢቃማዬ ላይ የሌለችው ሴት

ባለፈው ዓርብ የምሠራበት ቤት ልጆችን ይዘን ሙረባዕ ቤተ መንግሥት ሄድን። ንጉሥ አብዱልአዚዝ ከሪያድ ግንብ ውጭ በጭቃ ጡብ አሠርተው እ.ኤ.አ. በ1938 የገቡበት ነው፤ «ሙረባዕ» ማለትም አራት ማዕዘን ማለት ነው። የአሠሪዬ የመዳም አባት ጥላ ሥር ተቀምጠው ለልጅ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ስም ይቆጥሩላቸው ጀመር። ዘጠኝ ደረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያንቺስ?» አሉኝ። የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም ጠራሁና ቆምኩ። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ላይ የተጻፉትም ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የውጫሌ ልጅ ነኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታገኟት ትንሿ የአምባሰል ከተማ ናት። ስሟን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል፣ ያ ያጣላን አንቀጽ 17። የከተማዋን ስም አገር ሁሉ ሲያውቀው እኔ ግን ቤተሰቤ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አላውቅም ነበር።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። «አያቴ መቼ ተወለደ?» ስላት «እኔ ምኑን አውቄው አንቺዬ!» አለችኝ። ስህተቱ የእኔ ነው። ዓመተ ምሕረት የጽሕፈት ቤት ጥያቄ ነው፤ አገር ቤት ዘመን የሚታሰረው በደረሰው ነገር ነው። በማግስቱ አዙሬ ጠየቅኋት፦ «ጣሊያን ሲገባ ከብት ይጠብቅ ነበር?» ሳቀች። «ኧረ ያኔ ገና ጥርስ ማብቀሉ ነበር! እናቱ አዝላው ነው ገደል የገባችው።» ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አያቴ የ1927 ወይም የ1928 መጀመሪያ ልጅ ነው ማለት ነው። እንዲህ ነው የሚገኘው። ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ? በ66ቱ ድርቅ አግብታ ነበር? በ77ቱስ?

ከአያቴ ወደ አባቱ ስንሻገር አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱማ በክፉ ቀን ሆድ ውስጥ የነበረ ነው» አለች። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ግድም ነው። ጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ባስገቧቸው ከብቶች የመጣ በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ከዚያ ረኃቡ ሆነ። ውጫሌ ላይ ውሉ የተፈረመው በዚሁ ክፉ ቀን መካከል ነው። ትምህርት ቤት ሁለቱን ለየብቻ ስለተማርኳቸው አገጣጥሜያቸው አላውቅም ነበር። በቤታችን አፍ ውሉ የለም። በሬው ነው ያለው።

የአያቴን አባት ያረገዘችው ያቺ ሴት ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ወደ ውጫሌ መጣች። ማንም ባይተዋር አላላትም፤ በእናቷ በኩል ዘሯን እስከ አቅኚው አባት ቆጥራ ርስት ጠየቀች፣ ተሰጣትም። ይህን ስሰማ ነው ብዙ ነገር የገባኝ። በሰሜኑ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበርና ትውልዱን የማያውቅ መሬት አያገኝም። ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ፤ መልካም ሆነ። ቆጠራው ግን ሥራ ፈታ። አያቴ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣው የነበረውን አባቴ ግማሹን ያዘ፤ እኔ ጋ ሦስት ስም ደረሰ።

እህቶቼ፣ በስደት ያላችሁ ሁሉ፣ ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ «ታሪካችንን ንገሩኝ» አትበሉ፤ «ምን ታሪክ አለን» ይሏችኋል። ስለ መሬቱ ድንበር ጠይቁ፣ ስለ በሬው፣ ማን ማንን እንደዳረ። ሴቶቹን ጠይቁ። ድምፃቸውን ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ማን፣ መቼ እንደተናገረው ጻፉበት። አጎቴ ቤተሰባችን ከላስታ ነው የመጣው ይላል፣ አክስቴ በፍጹም ትላለች፤ ሁለቱንም ጽፌያለሁ። ክርስቲያን ከሆናችሁ ደግሞ የክርስትና ስም ጠይቁ። ጎረቤት በአንድ ስም ሲጠራት የኖረች ሴት በቤተ ክርስቲያን የምትታሰበው በሌላ ነው። የወሎ ቤት እስላምም ክርስቲያንም ስለሚኖርበት ከአንዱ ወገን ያጣችሁትን ስም ከሌላው ልታገኙት ትችላላችሁ።

የዚያችን ሴት ስም አክስቴ አታውቀውም። «የመጣችው» ነው የሚሏት። ከገጠር የሚመጡ አንድ አረጋዊ ዘመድ አሉን፤ በገበያ ቀን ስታገኛቸው ስልኩን አፋቸው ላይ እንድትይዝላቸው ነግሬያታለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የላክሁት፦ ሴትየዋ ማን ትባል ነበር፣ የተቀበረችውስ የት ነው?